የከተማ ባቡር ዕቅድ፦ ከምረቃ በኋላ ያለው ወጪ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ የተደረገበት ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብ የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተወሰደ ብድር ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች እና ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጉት ሁለት መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ።

ግንባታው በጥቂት ዓመታት ተጠናቋል፤ የብድር ክፍያው፣ የመለዋወጫ ግዢውና የኃይል ወጪው ግን ለረጅም ዓመታት የሚቀጥሉ ናቸው። ብድሩና ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ሲሆን፣ ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ገቢ በብር ነው። አገልግሎቱ ሲጀመር እንደየርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆኖ የተወሰነው ታሪፍ የነዋሪውን የመክፈል አቅም ያገናዘበ ቢሆንም፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪውን የሚሸፍን አልነበረም። በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ በመሆናቸው ተገልጋዩ ለረጅም ጥበቃና ለመጨናነቅ ተዳርጓል።

በመሆኑም ታሪፍ መወሰን ከሂሳብ ስሌት ባሻገር የፖሊሲ ምርጫ ነው። ታሪፉ ከፍ ቢል ጫናው በተሳፋሪው ላይ፣ በድጎማ ዝቅ ቢል በግብር ከፋዩ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ሳይወሰኑ ሲቀሩ ጉዳቱ የሚደርሰው በጥገናው ላይ ነው። አዲስ መስመር በይፋ ይመረቃል፤ የጥገና በጀት ግን የምረቃ ቀን ስለሌለው በቀላሉ ይዘነጋል።

ስለሆነም የብዙኃን ትራንስፖርት ዕቅዶች ለውይይት በሚቀርቡበት ወቅት፣ ነዋሪዎች ከመስመሩ ርዝመት በተጨማሪ ስለ ጥገና በጀቱ ምንጭና ስለ ድጎማው ዘላቂነት ማብራሪያ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።