ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሠርግ ነው። ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ወይም ስለ ድግሱ ግን አይደለም። ስለ አንድ ካርቶንና ካርቶኑ ላይ ስለተጻፉ ጥቂት ቃላት ነው።

የመጨረሻው ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ባለፈው ግንቦት ሲያገባ እናታችን 81 ዓመቷ ነበር። ለመሄድ ሞክራ ቪዛው አልተሳካላትም። አንደኛው ዓይኗ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ ሁለተኛው ገና ነው። በስልክ ቪዲዮ ስናገናኛት “ድምፁን እሰማለሁ፣ መልኩ ግን ጥላ ነው የሚሆንብኝ” ትላለች። እኔም ዕቁቤ በደረሰኝ ሳምንት ፕሮጀክተር ልገዛና ሠርጉን ሳሎን ግድግዳ ላይ አድርጌ በቀጥታ ላሳያት ወሰንኩ።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ካርቶኑን አሽከርክሮ አሳየኝ። “እናት፣ ይሄ ፎር ኬ ነው። ሉመኑ ደግሞ 9 ሺህ። ቤትዎን ሲኒማ ቤት በሉት!” አለኝ። ስልክ ይዤ ነበርና የ19 ዓመቱ ልጄ በዚያኛው ጫፍ “ማሚ፣ ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ ስንት እንደሆነ ጠይቂው” አለኝ። ቃሉን አልያዝኩትም። ሻጩ ፊት “ምን አልክ? ድገምልኝ” ማለት አፈርኩ። “ጠይቄዋለሁ፣ ጥሩ ነው ብሎኛል” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። “መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” እያልኩ ልጆች ያሳደግኩ ሴት፣ ለልጄ ዋሸሁ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሥነ ሥርዓቱ በእነሱ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነበር። ጎረቤቱና የዕድር ወዳጆቿ ተሰበሰቡ፣ ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፕሮጀክተሩን ከላፕቶፑ ጋር ከቢሮ ባመጣሁት፣ በሁለት በኩል ብሎን ባለው ሰማያዊ ጫፍ ገመድ አገናኘሁት። የማውቀው እሱን ስለነበር ነው።

ምስሉ መጣ። ግን የምዕራቡ ፀሐይ በስሱ መጋረጃ እየገባ ነበርና ግድግዳው ላይ የሚታየው በውሃ የታጠበ የሚመስል ነገር ነው። የወንድሜ ጥቁር ሱፍ ከግድግዳው ቀለም ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። ድምፅም የለም። እናቴ አንገቷን አስግጋ “ልጄ የታለ?” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “ምነው ዝም አሉ? ጸሎት ላይ ናቸው?” ብላ ጠየቀች። መልስ አጣሁ።

ብርድ ልብስ አምጥተን መስኮቱ ላይ ሰቀልን። ገመድ ነቀልን፣ ሰካን። ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ልጄ ከዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ገመድ ነቅሎ ላፕቶፑን ከአሮጌው 32 ኢንች ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘው። ድምፁም ምስሉም አብረው መጡ። ምስሉ ግን መሐል ላይ የቆመ ቀጭን ሰንጠረዥ ነበር፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ልጄ እዚያ ለምትቀርጸው ዘመዳችን “ስልኩን አጋድሚው” ብሎ ጻፈላት። ስታጋድመው ስክሪኑ ሞላ። እናቴን በዱካ አንድ ሜትር ያህል አስጠግተን አስቀመጥናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችና “ከስቷል” አለች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ቃል ኪዳኑን ግን አላየችም። ያ ያለፈው በእነዚያ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቅጂውን በኋላ አሳይተናታል፤ እሷ ግን “ያኔ ማየት ሌላ ነው” ትላለች። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ልጄን አስቀምጬ “አንድ በአንድ አስረዳኝ” አልኩት። የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ከእኔ ዕቁብ ከእናንተ ዕቁብ ይትረፍ።

መጀመሪያ ሬዞሉሽን። ስክሪን ላይ ያለ ምስል ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ ሬዞሉሽን ማለት ብዛታቸው ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። የቴሌቪዥን ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ማለት ነው። ካርቶናችንን ልጄ ደህና አድርጎ ሲያነበው ግን “ፎር ኬ ሱፖርት” ነው የሚለው። “ሱፖርት” ማለት መሣሪያው የፎር ኬ ምስል ሲላክለት ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። የሚያሳየው በራሱ ባለው ነጠብጣብ ልክ ነው። ውሃውን በጀሪካን አምጥታችሁ በስኒ ብትቀበሉት የምትጠጡት ስኒውን ያህል ነው። የስኒው ልክ ነው ኔቲቭ ሬዞሉሽን የሚባለው። የእኛው 800 በ480 ሆኖ ተገኘ፤ 384 ሺህ ነጠብጣብ። እኔ ለመጠየቅ ያፈርኩት ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ሉመን ነው። ፕሮጀክተሩ የሚያወጣውን የብርሃን መጠን ይለካል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አምራች የመብራቱን ጉልበት እንዳሻው አስልቶ ትልቅ ቁጥር ይጽፋል። የሚታመነው “አንሲ ሉመን” ወይም “አይኤስኦ ሉመን” ተብሎ የተጻፈው ነው፤ በታወቀ የአለካክ ደንብ የተለካ ነውና። ለመማሪያ ክፍልና ለስብሰባ አዳራሽ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ 3 ሺህና ከዚያ በላይ ናቸው። በደንብ በጨለመ ክፍል ውስጥ፣ ምስሉ መካከለኛ ከሆነ፣ ጥቂት መቶ አንሲ ሉመንም ይበቃል። ምስሉን ባሰፋችሁ ቁጥር ደግሞ ያው ብርሃን ይሳሳል። ስፋቱንና ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ድምቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። እኔ ግድግዳውን ሙሉ ካልያዘ ብዬ ያባስኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ኮንትራስት፣ በደማቁና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን የለውም። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ብርሃን አለመላክ ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ካለ ጥቁር ሱፍ የግድግዳውን ቀለም ይይዛል። ይህ በተለይ ለአረጋውያን ከባድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ የዓይን ሌንስም እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ለእናቴ ከሚሊዮን ነጠብጣብ ይልቅ የሚጠቅማት ድምቀትና ጎላ ያለ ልዩነት ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን ፕሮጀክተሩን የበለጠው በዚህ ነው።

አራተኛው ገመዱ ነው። ያ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ቪጂኤ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1987 የመጣ ነው። ምስል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም። ኤችዲኤምአይ ግን ምስልንም ድምፅንም በአንድ ገመድ ይወስዳል። “ዝም ያሉት” ሙሽሮቹ ሳይሆኑ የእኔ ገመድ ነበር።

አምስተኛው የምስሉ ቅርጽ፣ አስፔክት ሬሾ የሚሉት ነው። የድሮው ቴሌቪዥናችን 4 ለ3 ነበር፣ የዛሬው 16 ለ9 ነው። ስልክ ቆሞ ሲቀረጽ 9 ለ16 ይሆናል፤ ያ ምስል ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ የስክሪኑን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከውጭ አገር ልጆቻችሁ ጋር በቴሌቪዥን ስትገናኙ “ስልኩን አጋድሙት” በሏቸው። ምንም ወጪ የለውም።

ቴሌቪዥን ለምትገዙ ደግሞ አንድ ልጨምር። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንች በሰያፍ 109 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የስክሪኑ ወርድ ግን 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ላይ ጠርዙ ይጨመራል። ቡፌያችሁን በሜትር ለክታችሁ ሂዱ።

ፕሮጀክተሩን አልመለስኩትም፤ ሻጩም ካርቶኑ ላይ የሌለ ነገር አልነገረኝም። አሁን ማታ ማታ መብራት አጥፍተን፣ ምስሉን አሳንሰን ልጆች ፊልም ያዩበታል። ለዚያ አያንስም።

ለልጄ ግን እውነቱን ነገርኩት። “ያን ቀን አልጠየቅኩትም፤ ቃሉ ስላልገባኝ አፍሬ ነው” አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። “እኔም ጥፋት አለብኝ፤ አብሬሽ መምጣት ነበረብኝ” አለኝ። ከዚያ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፈልኝና ቦርሳዬ ውስጥ አስገባልኝ፤ ኔቲቩ ስንት ነው? ሉመኑ አንሲ ነው? የትኛውን ገመድ ይቀበላል? ከመክፈሌ በፊት እዚሁ በብርሃን አብርተህ ታሳየኛለህ?

እናንተም ጽፋችሁ ያዙ። ቃሉ ካልገባችሁ “ድገምልኝ” በሉ። የሻጩን ፊት ሁለተኛ ላታዩት ትችላላችሁ፤ የእናታችሁን ጥያቄ ግን ቤት ታገኙታላችሁ።

የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ከጥር በኋላ ክርስትና ይኖረናል። የእናቴን ሁለተኛ ዓይን ከዚያ በፊት ለማሳከም ቀጠሮ ይዘናል፤ የዘንድሮው ዕቁብ ለእሱ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱም ከወዲሁ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።