የዐድዋን ሥዕል ለልጆቻችን ስናነብላቸው

የካቲት 23 ቀን በየዓመቱ ሲመለስ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል በብዙ ቤት ግድግዳና በየአደባባዩ ይታያል። እኛ ግን ልጆቻችን ጦሩንና ደሙን ብቻ አይተው እንዲያልፉ እንተዋቸዋለን። ሠዓልያን ደጋግመው የሣሉት ይህ ሥዕል እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነውና፥ ንባቡን ማስተማር የወላጅ ፋንታ ነው።

አስቀድመን ወደ ላይ እንመልከት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ጦሩን ወደ ጠላት ሰብቆ በሰማይ ይታያል። ውጊያው የተደረገው በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን፥ በዕለተ እሑድ፥ በሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል ነበረ። ስለዚህም አባቶቻችን ድሉን ለክንዳቸው ብርታት አልሰጡትም።

ቀጥለን ወደ ታች እንውረድ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥላ ሥር፥ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፥ ካህናቱ፥ መኳንንቱ፥ ባለ ነፍጡና ባለ ጋሻው በአንድነት ተሥለዋል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፥ በጣልያንኛው ጽሑፍ፥ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል ብቻ እንድትገናኝ የሚያስገድድ ሆኖ በመገኘቱ፥ ከየአውራጃው የተነሣው ሕዝብ በአንድ ሸራ ላይ ተገናኘ። ከዚህ መካከል አንዱን ነጥሎ «ድሉ የእኔ ብቻ ነው» የሚል ሰው ሥዕሉን እንደ ቀደደ ይቈጠራል።

በመጨረሻም ፊቶቹን እናስተውል። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ቅዱሳን በሙሉ ፊት፥ ክፉዎች ግን በጎን፥ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የዐድዋ ሠዓልያንም ወገንንና ጠላትን የለዩት በዚሁ ልማድ ነው። ልጃችን «እነዚህ ስለ ምን አንድ ዐይን ብቻ አላቸው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯልና፥ ሥዕሉ የሚነቅፈው ግፍን ነው እንጂ ዘርን አይደለም ብለን እናስረዳው።

ሸራው የማያሳየውም ነገር አለ። ከድሉ በኋላ፥ ለጣልያን ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራ ተወላጆች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈርጠዋል። ልጁ ለማስተዋል ሲደርስ ይህንንም ልንሰውርበት አይገባም፤ ድሉን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሕዝብ በደሉንም ለእርሱ ሊናዘዝ ይገባዋልና።

እንግዲህ በሚመጣው የካቲት ከልጆቻችን ጋር በሥዕሉ ፊት ቆመን ከላይ እስከ ታች እናንብበው። የሰማዕቱ በረከት በየቤታችን ይደርብን።