ሱሱን የምንፈራው በማን ላይ ነው?

አገራችን ሞርፊንን የምትፈራው ያለ ቦታው ነው። ካንሰር አጥንቷ ድረስ የዘለቀባት ሴት ማስታገሻ ስትለምን ሁሉም ሕግ አዋቂ ይሆናል። የጅቡቲን መስመር ይዞ ወለንጪቲ ላይ የቆመ የተሳቢ ረዳት ትራማዶል የተባለውን ማስታገሻ ሲጠይቅ ግን "ማዘዣህ የታለ?" የሚለው የለም።

አክስቴን ጡቷ ላይ የጀመራት ካንሰር አከርካሪዋ ደረሰ። "እቤት አስታምሟት" ተባልን፤ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ይዘን ወለንጪቲ ገባን። ሌሊት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታቃስታለች። ሞርፊን ይታዘዝላት ብንል ባለሙያው "ሱስ ቢሆንባትስ?" አለን። ሱስ! ፋሲካን እንደማትደርስ ራሱ የነገረን ሰው!

የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ሞርፊን በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የሚጠጣው ሞርፊን ርካሽ ነው፤ በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል። ሆድ ያደርቃል፣ መጀመሪያ ላይ ያንቀላፋል፣ መጠኑ ካለፈ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰውነትም ይለምደዋል፤ በድንገት ቢቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቀምጣል። ግን ሰውነት መልመዱና ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ትዳሩን፣ ሥራውን መጣሉ ለየቅል ናቸው። ይህን ያልለየ ባለሙያ ጥንቃቄ ሳይሆን ጭካኔ ነው የያዘው።

"አሜሪካን አላያችሁም?" ይሉናል። አይተናል። ፐርዱ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የሞርፊን ዘመድ ገበያ አወጣ፤ ሱስ የማስያዝ አደጋውን አሳንሶ ለሐኪሞች ሰበከ፤ በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አመነ። ስንት ቤት ተዘጋ! ታዲያ የነጋዴውን ዕዳ የወለንጪቲ በሽተኛ የምትከፍለው በምን ዕዳዋ ነው? የሕክምና መጽሔቱ ላንሴት እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው የኮሚሽን ሪፖርት በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 300 ቶን ገደማ ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ፣ ድሆቹ አገሮች ሁሉ ተሰብስበው የሚደርሳቸው 100 ኪሎ ነው ይላል። አንድ ኩንታል! የአንድ አህያ ጭነት።

ትራማዶል ደግሞ እንደ ሞርፊን በዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ቁጥጥር ሥር አይደለም፤ ቀዳዳው ይኸው ነው። አጥንቱ ለተሰበረ፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው፣ ሐኪም ካዘዘው ባለውለታ ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፦ አንድ የተሳቢ ረዳት ከመኪናው ወርዶ "ለወገቤ" አለ፤ ሻጩ ቀና ሳይል የኪኒኑን ቅጠል በመቀስ ቆርጦ ሰጠው። ስም የለ፣ መዝገብ የለ። በላዩ መጠጥ ከታከለበት ትንፋሽ ያፍናል፤ መጠኑ ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል። ሾፌሩን ተክቶ መሪ ይዞ ቢያንዘፈዝፈውስ?

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች። የእኛ ነርሶች ከነሱ በምን ያንሳሉ? ለየጤና ጣቢያው የሚቆለፍ ሳጥን፣ መዝገብና ሥልጠና ይሰጥ፤ በሽተኛዋ አዲስ አበባ ድረስ አትንገላታ። ቁጣው ያለ ማዘዣ ቅጠል በሚቆርጠው መቀስ ላይ ይውረድ። ተቆጣጣሪ እልካለሁ የሚል ካለ፣ ከአዳማ ወለንጪቲ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ግን ማታ ይምጣ፤ መኪኖቹ የሚደረደሩት ያኔ ነው።