ለዙርባውስ ማን ፈረመ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውራሊንክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ሽባ ሰው አንጎል ውስጥ ቺፕ ቀበረ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሻይ ቤት ወሬው ሲነሣ አንድ ወዳጄ፣ «ነገ ጤነኛውንም ብልህ እናድርግ ሊሉ ነው! የሰው ጭንቅላት መሞከሪያ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ያን ዕለት ማታ ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ልጁ ጫት ይዞለት ገባ፤ «አእምሮ ይከፍታል» ብሎ።

ለመሆኑ ይህስ ሙከራ አይደለም? በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ ሰው ወድዶ ካልፈቀደ አይሞከርበት ይላል። ሽባው አውቆ ፈቅዷል። ጤነኛው ልጃችንስ? ጓደኞቹ መርቅነው ሲያጠኑ፣ አባቱ ሲያቀርብለት፣ እንዴት እምቢ ይበል? በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

ወዳጄ ሆይ፣ በሩቁ ሐኪም ከመፍረድህ በፊት የያዝከውን ዙርባ አስቀምጥ።