በዌምብሌ ሜዳ ስለ ቆመው ተመልካች

ሮክ የሚባለውን የባሕር ማዶ ሙዚቃ የሚወዱ ወጣቶች ዛሬ በየቤታችን አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ያወቁት በ2011 ዓ.ም. ከወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ከተባለው ፊልም ነው። የፊልሙ መጨረሻ ባንዱ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲጫወት የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ልጆቹ ዜማውን በቃላቸው ይዘውታል። ነገር ግን ያ የሙዚቃ ጉባኤ ስለ ምን እንደ ተደረገ ሲጠየቁ፥ ስለ ኢትዮጵያ ረኃብተኞች መሆኑን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። የሚያውቁትም ደግሞ «የእኛ ሰው በረኃብ ሲያልቅ እነርሱ እንዴት ይጨፍሩ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና ዛሬ እንመለከተዋለን።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ተባብረው በወሎና በትግራይ ያመጡትን መከራ ታላላቆቻችን አይዘነጉትም። በጥቅምት ወር ከኮረም የተነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፥ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ዘፋኝ አይቶ ልቡ ተነካ። ሚጅ ዩር ከሚባል ባልንጀራው ጋራ ሆኖ የዘመኑን ዘፋኞች ሰበሰበና በፈረንጆች ገና ሰሞን አንድ ዘፈን አወጡ። የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ልደትን ለሚያከብር ሕዝብ ይህ ጥያቄ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ የተጠየቀው ግን በክፉ ልብ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ በእኛ አገር የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግሥት፥ በሎንዶን በዌምብሌ ሜዳ እንደዚሁም በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በአንድ ቀን ታላቁ ጉባኤ ተደረገ። በዌምብሌ የተገኘው ሕዝብ 72 ሺሕ ያኽል ነበር። የመግቢያው ወረቀት 25 ፓውንድ ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 5ቱ የመግቢያ ዋጋ፥ 20ው ምጽዋት ነበር። እንግዲህ ተመልካቹ ገና በሩን ሳያልፍ አራቱን እጅ ሰጥቶ ገብቷል ማለት ነው።

እኛ በዚያ ዘመን ሕፃናት ስለ ነበርን ነገሩን የተመለከትነው ኋላ ከወጣው ቀረጻ ነው። ከሁሉ ያስደነቀን ዘፋኞቹ ሳይሆኑ ሕዝቡ ነው። ከእኩለ ቀን እስከ ምሽት ዐሥር ሰዓት ያኽል በእግር መቆም ቀላል ነገር አይደለም። መድረኩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚዞር ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ አንዱ ባንድ በፊት ሲጫወት ተከታዩ ከኋላ ዕቃውን ያሰናዳል። ለእያንዳንዱም ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ስለ ተሰጠ፥ ሰዓቱ ማለቁን በመንገድ መብራት አምሳል አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ መብራት ያስታውቃቸው ነበር።

አንድ ባንድ ብቻ በሚጫወትበት ቦታ የሚሰበሰበው የዚያ ባንድ ወዳጅ ነው። በዚህ ቀን ግን አንዱ የመጣው ለዴቪድ ቦዊ፥ ሌላው ለዳየር ስትሬትስ፥ ሌላውም ለኤልተን ጆን ነበር። የራሱ ተራ እስኪደርስ ድረስ የማይወደውን መስማት፥ ለሌላው ሰው ወዳጅም ማጨብጨብ ግድ ሆነበት። ስፍራውን ለቅቆ ውሃ ሊጠጣ ቢሄድ ተመልሶ አያገኘውም። በፊላደልፊያማ ሙቀቱ ስለ በረታ በሕዝቡ ላይ በቧንቧ ውሃ ይረጩ ነበር።

ዩ ቱ የተባለው ባንድ ሦስት ዘፈን ሊጫወት ተሰናድቶ ነበር። ዘፋኙ ቦኖ ግን በሁለተኛው ዘፈን መካከል ከመድረክ ወርዶ አንዲት ልጅ ከሕዝቡ ውስጥ አውጥቶ ሲያስጨፍር ጊዜው አለቀና ሦስተኛው ቀረ። ባልንጀሮቹ ተቈጥተውት ነበር ይባላል፤ ኋላ ግን ስማቸውን ያስጠራው ይኸው ስሕተት ሆነ።

ወደ ማታ ኩዊን ወጣ። ፍሬዲ መርኩሪ በድምፁ ሲያነሣ 72 ሺሕ ሕዝብ ይቀበለው ነበር። መሪጌታው አንሥቶ ቀኝና ግራው ሲቀበሉት ያየ ሰው፥ ምንም ጉዳዩ የተለየ ቢሆን፥ የሥርዓቱን መመሳሰል ያስተውላል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በአንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡ ሜዳው ነፋስ የመታው የስንዴ ማሳ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ሌላ ነገር ሆነ። ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ ጊዜውን ሰጠና የረኃብተኞቹ ሕፃናት ፊልም በትልቁ መጋረጃ ላይ ታየ። ያ ሲጨፍር የዋለ ሕዝብ ዝም አለ፤ እንባውን የሚጠርግም ነበረ። ለልጆቻችን ጥያቄ መልሱን የምናገኘው ከዚህ ይመስለናል። የጨፈረውና ያለቀሰው አንድ ሰው ነው። በአገራችንስ ተዝካር ሲወጣ ድኻው በልቶ ሲጠግብ፥ ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት፥ ኀዘኑን አቃለላችሁ ብሎ የሚወቅስ ማን ነው? የገንዘቡ አወጣጥ በኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እርሱን መመርመር የሒሳብ አዋቂዎች ፈንታ ነው፤ 25 ፓውንድ ከፍሎ በፀሐይ የቆመው ወጣት ግን አይጠየቅበትም።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለናል፤ ይህንም ለልጆቻችን ሳንሸሽግ እንነግራቸዋለን። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በሕይወት፥ ድምፃቸውም የሙሉ ሰው ድምፅ ሳለ፥ በሁለቱም መድረክ ላይ አንድም የኢትዮጵያ ዘፋኝ አልቆመም። አገራችን የታየችው በመጋረጃው ላይ፥ በረኃብተኛው ፊት ብቻ ነው። ዓለም ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን አንድ ክራር እንኳ ቢሰማ ኖሮ፥ ያ ሕዝብ የሚያለቅስለትን ሰው በሌላም መልኩ ባወቀው ነበር።

በመጨረሻው ሰዓት ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዝነኛ ዘፈኑን ጀመረ። ማይክሮፎኑ ግን አልሠራም፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፥ ድምፁ አይሰማም። ከማለዳ ጀምሮ በሰልፍ የቆመ፥ ጉሮሮው የደረቀ ሕዝብ ነገሩን ባወቀ ጊዜ ዘፈኑን በእርሱ ፈንታ ይዘምርለት ጀመር፤ ማይክሮፎኑ እስኪስተካከል ድረስም አላቋረጠም።