የሩቁን ወረቀት ስለሚያከብሩ ሰዎች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ዛሬ የምወቅሰው ሰነፉን ወይም ሰካራሙን አይደለም፤ እነርሱን የሚወቅስ ሞልቷል። የምወቅሰው ትጉሁንና ቁጥቡን ነው።

ሱሉልታ ውስጥ የጃፓንን የካርቱን ፊልም እጅግ የሚወድ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ባልንጀሮቹ ደመወዛቸውን በየመሸታ ቤቱ ሲጨርሱ እርሱ እየቆጠበ፥ በውጭ አገር በሚኖር ዘመዱ እጅ አንድ የሲኒማ ማስታወቂያ አስገዛ። የሚያዛኪ ፊልም «ጎረቤቴ ቶቶሮ» እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ሲወጣ የታተመ፥ ቁመቱ 73፣ ወርዱ 51 ተኩል ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ወረቀት ነው። እናቱ ዋጋውን በሰሙ ጊዜ «በዚህ ገንዘብ ጊደር ይገዛበት ነበር» አሉ። እኔ ግን በዚህ ነገር ከልጃቸው ጋር ነኝ።

«ወረቀት ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ሥዕሉን ይመልከት። በዝናብ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ከግዙፉ እንስሳ አጠገብ አንዲት ልጅ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። በፊልሙ ውስጥ ግን ይህች ልጅ የለችም፤ ያሉት ሳትሱኪና ሜይ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች ናቸው። ሚያዛኪ በመጀመሪያ ያሰበው አንዲት ልጅ ነበር፤ ኋላ ለሁለት ከፈላት፤ ማስታወቂያው ግን የፊተኛዪቱን ልጅ እንደ ያዘ ቀረ። ፊልሙ የማይናገረውን ወረቀቱ ይናገራል ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ወረቀት ከእኛ ዘመን እንዴት ደረሰ? ሲታተም እንዲቀመጥ አልታሰበም፤ ፊልሙ ሲያበቃ ተነቅሎ የሚጣል ነበር። በጊዜው አጠገቡ የነበረ አንድ ሰው፥ ምናልባትም የሲኒማ ቤት ሠራተኛ፥ ጠቅልሎ ስላኖረው ነው የዳነው። ያን ጊዜ ማንም ገንዘብ አይሰጥበትም ነበር። የሰብሳቢው ሥራ ያኔ ተፈጽሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ንግድ ነው። ወዳጄ ገዛ እንጂ አላዳነም። (ያውም «ኦሪጅናል ነው» ያለው ሻጩ ነው፤ ኋላ ተባዝቶ የታተመ ቢሆንስ?)

አንድ ቀን አብረን በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ወረድን። ታክሲ ስንጠብቅ የተደገፈው ግድግዳ ላይ ግማሹ የተቀደደ የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያ ነበር። ትከሻው ሲያነሣ የተዋናይዋን ግንባር ይዞ ተነሣ። «ምነው?» ብለው ሳቀ። «አራት ፊት ደርድሮ ከላይ ቀይ ልብ መለጠፍ ምን ጥበብ አለው? ደግሞም እኛ ካርቱን የለንም» አለኝ።

ስለ ልቡ እውነቱን ነው፤ ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ካርቱን የለንም ማለቱ ግን አላዋቂነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአሻንጉሊትና በሥዕል በቴሌቪዥን የቀረበችው ቀጭኔ፥ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ባለታሪክ፥ የማን ናት? ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ለትምህርት ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። የቶቶሮ አገር ሰዎች ፀሐይን ሸለሙ፤ የእኛ የቶቶሮ ወዳጅ ግን አያውቃትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ክርክሬ ግን የአገር ፍቅር ክርክር አይደለም። የቶኪዮውን ወረቀት የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ የሱሉልታው ልጅ ባይገዛው ሌላው ይገዛዋል። ከትከሻው ሥር የተቀደደው ግን በዚያች ሰዓት ከእርሱ በቀር ጠባቂ አልነበረውም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ሲታዩ በየግድግዳው አጠገብ ያለፈ ወጣት ስንት ነበር! ከእነርሱ አንዱ ወረቀቱን አጥፎ ከሣጥኑ ቢከተው፥ ዛሬ የልጅ ልጁ የተዋናዮቹን ስም ለማወቅ ከሽማግሌ ሽማግሌ ባልዞረ ነበር። ሥዕሉ ያምር ነበር ወይስ አያምርም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ለማድረግ ዘመድ ውጭ አገር አያስፈልግህም። ከጀርባው ላይ ቀኑን፣ ሲኒማ ቤቱንና የመግቢያውን ዋጋ የምትጽፍበት እርሳስ ይበቃሃል። ከግድግዳ የተላጠ ወረቀት ይቀደዳልና ለጣፊውን አንድ ትርፍ ለምነው፤ ኮላውን ከመቀባቱ በፊት።