አፈር ወይስ ቆርቆሮ? በወለቃና በጎንደር ጣሪያ ላይ የተደረገ ሙግት

አረንጓዴ ጣሪያ የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ሥር የሚያግድ ሽፋን፣ ማጥለያ ጠጠርና አፈር ተደራርበው ዕፅዋት የሚበቅሉበት የሕንጻ አናት ነው። አፈሩ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው ቀላል ዓይነት ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 150 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጎንደርና በሰሜን መውጫዋ የምትገኘው ወለቃ አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በወለቃ የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን ለቋል፤ በከተማዋ ደግሞ ባለ ፎቅ ሕንጻ በዝቷል። ክርክሩም የሚነሳው ከዚህ ነው።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ጣሪያው ይልማ

ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲጥልበት ሰው ለሰው አያደማምጥም። የሣር ክዳን ሦስቱንም ያለዝብ ነበር፤ ጉዳቱ እሳት መፍራቱና በየጥቂት ዓመቱ መታደሱ ነው። አፈርና ሕያው ተክል የሣሩን ምቾት ያለ እነዚህ ጣጣዎች ይሰጣሉ።

ትልቁ ጥቅም ግን ጎርፍን መግታቱ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር የዘነበበት የ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ 6,000 ሊትር ወደ መንገድ ይለቃል። በጎንደር ተዳፋት ይህ ውሃ አፈር ጠርጎ ይወርዳል፤ ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም በደለል የተቸገረ ነው። አፈር ያለው ጣሪያ ከፊሉን ይጠጣል፣ ቀሪውን አዘግይቶ ይለቃል። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ትልልቅ አዳዲስ ሕንጻዎች አረንጓዴ ጣሪያ እንዲኖራቸው ስትደነግግ ከምክንያቶቿ አንዱ የዝናብ ጎርፍ ነበር።

ቁሳቁሱም ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ የተፈጨ ጡብ ከጣሪያ አፈር ጋር ይደባለቃል፤ የሸክላ ሠሪዎች መንደር በሆነችው ወለቃም ገል አይታጣም። እንዳሁላና እሬት ደግሞ በቅጠላቸው ውሃ አከማችተው ድንጋያማ ደረቅ መሬት ላይ በጋውን ያልፋሉ።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ቆርቆሮው ይቆይ

ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ የሚሸከመውም የባሕር ዛፍ ወራጅና የጭቃ ግድግዳ ነው። በ50 ካሬ ሜትር ቤት ላይ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ቢጫን 5 ቶን ይሆናል። ሕድሞ የተባለው የትግራይ ባህላዊ ቤት የአፈር ጣሪያውን የሚችለው በወፍራም የድንጋይ ግንብና በብዙ ግንድ ነው፤ ያን ያህል ግንድ ዛሬ ከየት ይመጣል?

የሥርም ጉዳይ አለ። በአፄ ፋሲል መዋኛ የዛፍ ሥር ግንቡን ተብትቦ ይዞታል። ጎብኚ ያደንቀዋል፤ ነገር ግን ሥር ስንጥቅ ካገኘ ድንጋይን ከኖራ ያላቅቃል። በጣሪያ ላይ ይህን የሚከላከለው ንጣፍ ከተቀደደ፣ ቀዳዳውን ለመጠገን አፈሩን ማንሳት ግድ ነው።

የውሃው ስሌትም ወደ ቆርቆሮ ያደላል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚመላለስ የጠገበ አፈር ብዙ አይቀበልም። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ግን እስከ 100,000 ሊትር ያወርዳል። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን በአሸንዳ ወደ ታንከር መምራት ይሻላል እንጂ ለተክል ማጠጣት ቅንጦት ነው።

የአንደኛው መልስ

ክብደቱ የጭቃ ቤትን እንጂ መሐንዲስ ከመነሻው ያሰላለትን የኮንክሪት ሶሌታ አያግድም። ታንከርም ቢሆን ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ውሃ ያው ጎርፍ ነው።

የሁለተኛው መልስ

የታንከር ውሃ በየቀኑ ስለሚቀዳ ለቀጣዩ ዝናብ ቦታ ይለቃል፤ የአፈሩ ግን በነሐሴ ደመና ቶሎ አይደርቅም። በሶሌታ ላይም ቢሆን ወጪው የሚጸድቀው ጣሪያውን በቋሚነት የሚንከባከብ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ሁለቱም በጭቃ ቤት ላይ አፈር እንዳይጫን ይስማማሉ። የሚለያዩት ገና በሚሠራው ባለ ሶሌታ ሕንጻ ላይ ነው፤ አንደኛው ዝናቡ እዚያው ተክል ያብቅል ሲል፣ ሁለተኛው ወርዶ ይጠራቀም ይላል።